የወይራ አምባ ጨፌና የዩኒየኑ ደጅ

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቤቴ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ብቅ እልና ከቀድሞ ባልደረቦቼ ጋር ሻይ እጠጣለሁ። ባለፈው ሰሞን የሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ስለ አንዲት አገር ያወራ ነበር። አገሪቱ ጎረቤቶቿ ወዳቋቋሙት ኅብረት ለመግባት ዓመታት ደጅ ጠንታለች። ሕጓን አሻሽላለች፣ የተባለችውን ሁሉ አድርጋለች። ነገር ግን ቀድሞ አባል የሆነው ጎረቤቷ “መጀመሪያ የድንበራችን ነገር ይለቅ” ብሎ እጁን አላነሳም አለ። እሱ እጁን ካላነሳ ደግሞ በሩ አይከፈትም።

አጠገባችን የተቀመጠ አንድ ሹፌር ሳቀ። “ለቁራጭ መሬት ብለው ይህን ሁሉ ጥቅም ያጣሉ? የዓለም ሰው አብዷል!” አለ። እኔ አለመሳቄን አይቶ ደግሞ “ምነው ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ እዚያ አገር ዘመድ አለዎት እንዴ?” አለኝ።

“ዘመድስ የለኝም። ግን ይህን ጉዳይ ሠርቼበታለሁ” አልሁት።

ቀልድ መሰለው። እኔ ግን የምሬን ነበር። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትን ደጃፉንም አላውቀው። ዕድሜዬን የፈጀሁት በኅብረት ሥራ ማኅበራት አደራጅነት፣ ደሴ ዙሪያና ኮምቦልቻ ላይ ነው። የአንድ መንደር ገበሬዎች ማኅበር ያቋቁማሉ፤ የብዙ መንደር ማኅበራት ደግሞ ተሰብስበው ዩኒየን ያቋቁማሉ። ዩኒየኑ መጋዘን አለው፣ መኪና አለው፣ ምርጥ ዘር በጊዜው ያመጣል። ውጭ የቀረ መንደር ካሮቱን ከመንገድ ዳር ከምሮ ደላላ ይጠብቃል። የእኔ ሥራ ውጭ ያሉትን ወደ ውስጥ ማስገባት ነበር። በዚህ ሥራ ካገኘሁት ደስታም ከደረሰብኝ ሐፍረትም ትልቁ የመጣው ከአንዲት ጨፌ ነው፤ ከብት የሚውልባት ረግረጋማ መስክ።

ከጨፌዋ በፊት ግን ሥራውን ስላስተማሩኝ ሰው ልናገር።

የመጀመሪያ ምድቤ ደሴ ዙሪያ ወረዳ ነበር። አለቃዬ ጋሽ ይመር ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ከራሳቸው የማይለይ፣ የሬዲዮ ዜና ሳይሰሙ ከቤት የማይወጡ ሰው ናቸው። ደመወዙ ትንሽ፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱ ከዚህ በላይ ቀለም አላባክንም።

ጋሽ ይመር መንደር ሲደርሱ ቢሮ አይገቡም። መጀመሪያ ዳር ዳሩን በእግራቸው ይዞራሉ። እኔ በከተማ ጫማዬ እየተንሸራተትሁ ስከተላቸው ውሃ የቀዱ ሴቶችን ያስቆሙና “ይህ ድንጋይ ስሙ ማን ነው? ያ ገደልስ?” ይላሉ። ስለ ድንበር አይጠይቁም። አንድ ቀን ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ “ድንበሩ የት ነው ካልሻቸው ሁሉም አባቱ የነገረውን ይነግርሻል። ውሃ የት ትቀጃለሽ ካልሻት ግን ዛሬ ያደረገችውን ነው የምትነግርሽ” አሉኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሁለት መንደሮች የተጣሉ እንደሆነ፣ ባንዱ ቤት ከበሉ በዚያው ቀን በሌላውም ቤት መብላት አለባቸው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሽሮ በልተን፣ ወንዝ ተሻግረን እንደገና ሽሮ ቀረበልን። እኔ መቁረስ አቃተኝ። እሳቸው ጎርሰው፣ አመስግነው፣ መንገድ ላይ ሆዳቸውን ይዘው “ወላሂ ጥሩዬ፣ ዛሬ የሸመገለው ሆዴ ነው” አሉኝ።

ማስታወሻ አያያዛቸው ደግሞ እንዲህ ነበር፤ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበትን በቢክ፣ ያልተስማሙበትን በእርሳስ ይጽፋሉ። የእርሳሱንም ለሁለቱም ያነቡላቸዋል። አንድ ወገን ብቻ ያለውን እንደ እውነት አድርገው ሲጽፉ አይቻቸው አላውቅም። ሬዲዮ ላይ አንዲት አገር በድንበር ጠብ ምክንያት ከኅብረት ደጅ ቆማ እንደቀረች ሲሰሙ ደግሞ ቢሮ እስኪገቡ አይታገሡም። “ያው የእኛ መንደር ነው! ትልቅ ባንዲራ ሰቅለው ነው እንጂ!” ይሉና ማን ምን እንዳለ፣ ማን የቱ ጋ እንደተሳሳተ በካርታ ያስረዱኛል። ያኔ የሽማግሌ ወሬ ይመስለኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ኮምቦልቻ፣ ዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት ተመደብሁ። በየማለዳው በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እየወረድሁ፣ ከደሴ የለበስሁትን ሹራብ መንገድ ላይ አወልቃለሁ። በዚያ ጊዜ ዩኒየኑ ለፋብሪካ ሠራተኞች መመገቢያ አትክልት ማቅረብ ጀምሮ ነበር። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከወሎ ገጠር የመጡ ናቸው፤ ድንቹን ቀምሰው ከየት አካባቢ እንደመጣ ይከራከራሉ። ገበያው ጥሩ ነበርና ውጭ የቆመ ማኅበር ሁሉ መግባት ፈለገ።

ከሁሉ ይበልጥ የተጋው ወይራ አምባ ነው። ሊቀመንበሩ መሪጌታ ታደሰ ይባላሉ፤ ቅዳሴም ያውቃሉ፣ ነጭ ሽንኩርትም ያውቃሉ። ዩኒየኑ የጠየቃቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አሟሉ። መጋዘናቸውን በድንጋይ ሠሩ። ሒሳባቸውን አስመረመሩ። በቦርዱ ውስጥ ሴቶች አስገቡ። አንድ ቀን መሪጌታ የማኅበሩን መዝገብ በነጠላ ጠቅልለው ቢሮዬ ድረስ ይዘው መጡና “ልጄ፣ አሁንስ የቀረን አለ?” አሉኝ።

የቀረው አንድ ነበር። ማኅበሩ የሚሠራበትን ቦታ፣ እኛ የሥራ ክልል የምንለውን፣ ከየት እስከ የት እንደሆነ ጽፎ ማቅረብ አለበት። በዩኒየኑ መተዳደሪያ ደንብ ደግሞ አጎራባች የሆነ ነባር አባል “ተቃውሞ የለኝም” ማለት ነበረበት። የወይራ አምባ አጎራባች ግራር ውሃ ነው፤ የዩኒየኑ መሥራች አባል። በሁለቱ መካከል ያቺ ጨፌ አለች፤ ራስጌዋ ላይ በበጋ የማይደርቅ ምንጭ ያላት። ሁለቱም የእኛ ናት ይላሉ። በሁለቱም መንደር ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፣ ተጋብተዋል፣ ተዋልደዋል። ጠባቸው የሣርና የውሃ ነበር።

ጋሽ ይመር ያን ጊዜ ዓይናቸውን ታክመው ደሴ፣ ቤታቸው ተኝተዋል። የዘር ወቅት እየቀረበ ነው። አዲሱ አለቃዬ ፈጣን ሰው ነበርና “ምን ያዘሽ?” ይለኛል። እኔም የወይራ አምባን ሰዎች ወድጃቸዋለሁ፤ ለሌላ ክረምት ካሮታቸው መንገድ ዳር ሲበሰብስ ማየት አልፈለግሁም። አንድ ካርታ አገኘሁ። በካርታው ላይ ጨፌዋ ወደ ወይራ አምባ ገብታለች። ማመልከቻው ላይ “በምሥራቅ በኩል ምንጩን ጨምሮ እስከ ጨፌው ዳር” ብዬ ጻፍሁ። በቢክ። ግራር ውሃ ሄጄ አላነበብሁላቸውም። ካርታውን ሲያዩ ያምናሉ፣ ባያምኑም በጉባኤው ፊት ለመቃወም ያፍራሉ ብዬ ነበር።

ጠቅላላ ጉባኤው ኮምቦልቻ፣ በዩኒየኑ መጋዘን ውስጥ ተሰበሰበ። ማመልከቻውን እኔው አነበብሁ። ያችን መስመር እንደጨረስሁ የግራር ውሃው ሊቀመንበር ሐጂ እንድሪስ ከወንበራቸው ተነሡ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው።

“ይህቺን መስመር ማን ጻፋት?”

“እኔ ነኝ ሐጂ።”

“ጨፌውን ረግጠሽዋል?”

አልረገጥሁትም ነበር።

“ልጄ፣ ይህ ማመልከቻ አይደለም፤ ፍርድ ነው። ጎረቤቶቼ ይግቡ ብትይን ደስ ባለን። አንቺ ግን ከብቶቻችን የሚጠጡበትን ምንጭ በገዛ እጃችን አጽድቀን እንድንሰጥ ነው ያመጣሽልን። እኛ እጅ አናነሣም። ከጸደቀም እንወጣለን።”

መሪጌታም ተነሡ። ያን ቀን ጠዋት “ጨፌው ለሌላ ቀን ይቆይ ብንልስ?” ብለውኝ የነበሩት ሰው፣ በሕዝብ ፊት የእርስዎ አይደለም ሲባሉ ሌላ ሰው ሆኑ። “የአባቶቻችንን መሬት ክደን የምንገባበት ዩኒየን ይቅርብን!” አሉ። ከኋላቸው ያሉት አጨበጨቡ። የጉባኤው ሰብሳቢ ሁለቱን ተራ በተራ አየና፣ “ወገኖቼ፣ ጠባችሁን ይዛችሁ አትግቡብን። ዛሬ ጨፌው ላይ ነው፤ ነገ መኪናው ላይ፣ መጋዘኑ ላይ ይሆናል። ጨርሳችሁ ኑ” አለ። ማመልከቻው ውድቅ ሆነ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ግዴለም ነበር። ከዚያ በፊት የሁለቱም መንደር ከብት እየተጣላም እየታረቀም ጨፌው ላይ ይውል ነበር። አሁን ግን የወይራ አምባ ጎረምሶች “በሩን ከዘጉብን ሣሩን እንዘጋባቸዋለን” ብለው ምንጩ ላይ ቆሙ። እኔ የጻፍኋትን መስመር በቃላቸው ይዘዋታል። የግራር ውሃው አህመድ በሬዎቹን ሊያጠጣ ሲወርድ ግርግር ተነሣ፤ በዱላ ተመትቶ ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። እርሻ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው።

ደሴ፣ ሐኪም ቤት ሄጄ ጠየቅሁት። ክንዱ በጄሶ ታስሮ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ሚስቱ ዘይነባ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣለች።

“አንቺ ነሽ ወረቀቱን የጻፍሽው?” አለችኝ።

“አዎ፣ እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው ተቀመጪ። ምን ብለሽ እንደጻፍሽ ንገሪኝ። እኔ ማንበብ አልችልም።”

ነገርኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ፣ “እናቴ ወይራ አምባ ናት፤ እኔ ያገባሁት ግራር ውሃ። ከልጅነቴ ከዚያ ምንጭ ነው የቀዳሁት፤ ከዚያም ሆኜ፣ ከዚህም ሆኜ። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር” አለችኝ።

አልጮኸችብኝም፣ አልረገመችኝም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ከሐኪም ቤቱ ወጥቼ ቀጥታ ጋሽ ይመር ቤት ሄድሁ። አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል። ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኋቸው፤ አለቀስሁም።

“ካርታው ልክ ሊሆን ይችላል” አሉ በመጨረሻ። “ግን ጥሩዬ፣ ሁለት ነገር በአንድ ወረቀት አሰርሽ። በር ላይ የቆመውን ሰው መሬትህን ጥለህ ግባ ብትዪው አይገባም። ውስጥ ያለው ደግሞ በሩን ከያዘ መሬቱን በበሩ ይጠይቃል። በሬዲዮ የምሰማቸው አገሮች ሁሉ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። መሬቱን ለዳኛ፣ አባልነቱን ለጉባኤ። እነዚህን መለየት ነው የኛ ሥራ። በይ ነገ እንሂድ።”

“ዓይንዎ ሳይድን?”

“በአንዱ አያለሁ። በሁለት ዓይንሽ ያላየሽው አንቺ ነሽ።”

ይህችን ካሉኝ በኋላ ስለ ጥፋቴ ደግመው አላነሡብኝም፤ ያን ቀንም፣ እስከ ዛሬም።

ሦስት ቀን ሄድን። የመጀመሪያውን ቀን ከወይራ አምባ ሰዎች ጋር፣ ሁለተኛውን ከግራር ውሃ ሰዎች ጋር ጨፌውን ዞርን። ጋሽ ይመር ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በጭቃው ውስጥ እየቆሙ፣ ሰዉ ሲናገር እየሰሙ። ዘይነባን አስጠርተው የውሃ መንገዷን እንድታሳያቸው ጠየቋት፤ ከፊት ሆና መራችን። ያገኘነው ነገር ይህ ነው፤ ግራር ውሃዎች ሣሩን ብዙም አይፈልጉትም፤ የሚፈሩት በበጋ ምንጩን እንዳይከለከሉ ነው። ወይራ አምባዎች ደግሞ ውሃ ሞልቶላቸዋል፣ ሌላም ምንጭ አላቸው፤ የሚፈሩት በጽሑፍ “ጨፌው የእናንተ አይደለም” እንዳይባል ነው። አንዱ የፈራው ጥማትን፣ ሌላው የፈራው ቃልን ነበር። እኔ በአንድ መስመር ሁለቱንም ፍርሃት ቀስቅሻለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ወገን ምንጩ አጠገብ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጋሽ ይመር ዱዓ አደረጉ፣ መሪጌታም አባታችን ሆይን አደረሱ። ከዚያ ጋሽ ይመር አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ጨፌዋ ከሁለቱም ማኅበር የሥራ ክልል ትውጣ። በማንኛቸውም ወረቀት ላይ አትጻፍ። ወደ ዩኒየኑ መግባት ለመሬቱ ክርክር ማስረጃ አይሁን፤ የመሬቱ ክርክርም ላለመግባት ምክንያት አይሁን። ዳኛ እስኪወስን ምንጩ ለሁለቱም ክፍት ይሁን።

ለሐጂ እንድሪስ ቀላል አልነበረም፤ የያዙት በር ብቸኛ ጉልበታቸው ነበር፤ ሊለቁት ነው። ለመሪጌታ ደግሞ የባሰ ነበር። ጎረምሶቻቸው ከኋላ ቆመዋል። አንደኛው “መሪጌታ፣ ጨፌውን ሊያስፍቁ ነው?” አለ።

መሪጌታ ዞረው አዩት። “አልፍቅም። አልጽፍምም። ያልተጻፈ ነገር አይጠፋም ልጄ፤ የአባቶችህ መቃብር የት ተጽፏል?” አሉት። ከዚያ ወደ ሐጂ ዞሩ። “ስለ አህመድ ክንድ ግን መጀመሪያ እኛ አለብን።”

ያን ሳምንት የወይራ አምባ ሰዎች በሬያቸውን ጠምደው ወደ ግራር ውሃ ወረዱና የአህመድን ማሳ አረሱለት። ዱላውን የሰነዘረው ጎረምሳ ከሁሉ ፊት ነበር። አህመድ በታሰረ ክንዱ ዳር ላይ ቆሞ አየ፤ ትንሽ ቆይቶ “ያቺን ጥግ ጠለቅ አድርጋት፣ ድንጋይ አለባት” አለው። ልጁም ጠለቅ አደረጋት። እኔ ዕርቅ የሚባለውን ነገር በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ማመልከቻውን እንደገና ጻፍሁ። በዚህ ጊዜ ሁለቱም መንደር ሄጄ እያንዳንዷን መስመር አነበብሁላቸው። ዘይነባም ቁጭ ብላ ሰማች፤ አንድ የጅረት ስም አረመችልኝ።

በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ሰብሳቢው “ተቃውሞ ያለው?” ሲል ሐጂ እንድሪስ ተነሡ። ጋሽ ይመር አጠገቤ ነበሩ፤ አልተነቃነቁም።

“ተቃውሞ የለኝም” አሉ ሐጂ። “ግን አንድ ነገር ይመዝገብልኝ። ጨፌው የእኛ ነው ብለን እናምናለን። ይህን አልተውነውም። ቢሆንም ጎረቤቴን ከደጅ አቁሜ እኔ ውስጥ ሆኜ አልበላም።”

መሪጌታም ተነሡ። “እኛም ጨፌው የእኛ ነው ብለን እናምናለን። የእኛም ይጻፍ።”

መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርሁና ሁለቱንም ቃል በቃል ጻፍኋቸው። እጆች ተነሡ። ወይራ አምባ ገባ።

ጋሽ ይመር ብዙም ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ። ዛሬ ዓይናቸው በጣም ደክሟል፤ እኔ ስሄድ ግን በእርምጃዬ ያውቁኛል። ከእሳቸው በኋላ ብዙ ማኅበራትን አስገብቻለሁ፣ ጥቂቶቹም ደጅ ቀርተውብኛል። ይህን ሥራ የተማርሁት ከእሳቸው፣ ከመሪጌታ፣ ከሐጂ እንድሪስና ከዘይነባ ነው ብል ዕዳዬን አልጨረስሁም።

የጨፌዋ ክርክር ግን አላለቀም ነበር። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ የወጣው ዘንድሮ፣ እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። አብዛኛው ጨፌ፣ ምንጩን ጨምሮ፣ ለግራር ውሃ ተፈረደ። ወሬውን ስሰማ ወይራ አምባዎች ተናደው ከዩኒየኑ ይወጣሉ፣ ያ ሁሉ ድካም ሊፈርስ ነው ብዬ ፈራሁ። ወዲያው መሪጌታ ጋ ደወልሁ። ስልኩን ሲያነሡ ከኋላ የሰው ጫጫታና የመኪና ሞተር ይሰማል።

“መሪጌታ፣ ሰማሁ። እንዴት ናችሁ?”

“እንዴት እንሆናለን? ተከፍተናል። ይግባኝ እንላለን። ጨፌው የእኛ ነው” አሉ፣ ሳይደብቁ።

“ዩኒየኑስ?”

“ዩኒየኑ ምን ሆነ?” ነገሬ አልገባቸውም። “በይ ልጄ ቆይተሽ ደውዪልኝ። ዛሬ የመኪናው ተራ የግራር ውሃ ነው፤ እነሱ ደግሞ ለቅሶ ወጥተዋል። ድንቻቸውን እኛ እየጫንንላቸው ነው። ኧረ ያን ጆንያ በደንብ እሰረው!” ብለው፣ ለእኔ ይሁን ለሰዎቻቸው ሳይለይ፣ ስልኩን ዘጉት።